«ኮንሰርቫቲቭ» የጨዋታ ጥሪ ምንድን ነው?

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ወቅት፣ ቅዳሜ ማታ ጨዋታዎች ባለቁ ቁጥር አንድ ቃል ይደጋገማል። ቡድኑ የተሸነፈበት፣ ወይም አሸንፎም ጥቂት ነጥብ ብቻ ያስቆጠረበት ተመልካች የማጥቃት አስተባባሪውን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሙከራ ሩጫ ወይም ውርወራ መርጦ የሚያዘውን («የሚጠራውን») አሰልጣኝ፣ «ኮንሰርቫቲቭ (ከልክ በላይ ጥንቁቅ) ነው» ይለዋል፤ ማስረጃ ሲጠየቅም «ሩጫ ያበዛል» ብሎ ይመልሳል፤ ኳሱን ወደ ፊት ከማስወርወር ይልቅ ይዞ ማስሮጥ ይመርጣል ማለቱ ነው። በቅርቡም አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ከ60 ጥሪዎች 35ቱ ሩጫ ስለነበሩ ብቻ አንድን አስተባባሪ «መወርወር የሚፈራ» ብሎ ሲፈርጀው አነበብኩ። ቃሉ ትርጉም አለው፣ ሊለካም ይችላል፤ መለኪያው ግን የሩጫ ብዛት አይደለም።

የጥሪ ስልት ማለት አስተባባሪው በተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ ደጋግሞ የሚያደርገው ምርጫ ነው። ሁኔታ ስል ዳውኑን (ቡድኑ 10 ያርድ ለመግፋት ካሉት አራት ሙከራዎች ስንተኛው እንደሆነ)፣ የቀረውን ያርድ፣ ኳሱ ያለበትን የሜዳ ክፍል፣ የነጥቡን ልዩነትና የቀረውን ሰዓት በአንድነት ማለቴ ነው። ኮንሰርቫቲቭ ሊባል የሚገባው፣ ሁኔታው ለድፍረት በሚፈቅድበት ጊዜ ጭምር ትልቁን ጥቅም ትቶ ኪሳራው ትንሽ የሆነውን ጥሪ አዘውትሮ የሚመርጥ ሰው ነው። በአራተኛው ሩብ በ20 ነጥብ እየመራ ሩጫ የሚደጋግም አስተባባሪ ሰዓቱን እየፈጀ ነው፤ ማንኛውም አስተባባሪ ያንኑ ያደርግ ነበርና ስለ እርሱ ጠባይ የሚነግረን ነገር የለም።

በመስከረም፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል፣ ዋልካ መሬት ላይ ሽምብራ የሚዘራ ገበሬ እናስብ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው «ይህ ጤፍ መዝራት የሚፈራ ነው» ቢለው የፈረደው ዘሩን ብቻ አይቶ ነው። ጥቁሩ አፈር እርጥበት ይይዛል፣ ሽምብራውም ዝናቡ ከወጣ በኋላ በዚያ እርጥበት ያድጋል። የአስተባባሪ አፈር ኳርተርባኩ (ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረው ወይም ለሯጭ የሚሰጠው ተጫዋች) እና የማጥቃት መስመሩ (ከፊቱ ቆመው የሚከላከሉለት) ናቸው፤ ዝናቡ ደግሞ ነጥቡና ሰዓቱ ነው። ገበሬውን በትክክል መመዘን የሚፈልግ ሰው፣ በዚያው ሳምንት ተመሳሳይ መሬት ያላቸው ጎረቤቶቹ ምን እንደዘሩ ይጠይቃል። አዝመራውን በረዶ ቢመታውም ዘሩ ስህተት ነበር አይባልም፤ በትክክል የተጠራ ውርወራም ከተቀባዩ እጅ ወድቆ ሊቀር ይችላል።

ወደ ቆጠራው ስንመለስ፣ 35 የሚለው ቁጥር ራሱ አጠራጣሪ ነው። በኮሌጅ ፉትቦል አመዘጋገብ ኳርተርባኩ ሊወረውር ሲል ከተያዘ ሙከራው ሩጫ ተብሎ ይመዘገባል፤ በፕሮፌሽናሉ ሊግ በኤንኤፍኤል ግን የውርወራው ክፍል ሒሳብ ውስጥ ይገባል። ኳርተርባኩ ተቀባይ አጥቶ ራሱ ቢሮጥም ሩጫ ይባላል። ስለዚህ መስመሩ ደካማ የሆነ ቡድን አስተባባሪው ውርወራ ባዘዘ ቁጥር በወረቀት ላይ ሯጭ እየመሰለ ይሄዳል። ከዚህም በላይ ዛሬ ብዙዎቹ የኮሌጅ ቡድኖች አርፒኦ የሚባለውን ጥሪ ይጠቀማሉ፤ በዚህ ጥሪ ሩጫና ውርወራ በአንድነት ይታዘዛሉ፣ ምርጫውን የሚያደርገውም ኳሱ ከተነሳ በኋላ አንድን ተከላካይ አይቶ ኳርተርባኩ ነው። እዚያ ላይ ሩጫ ያየ ተመልካች ያየው የኳርተርባኩን ውሳኔ ነው። ከ2024 ጀምሮ በከፍተኛው የኮሌጅ ምድብ አሰልጣኙ በራስ ቁር ሬዲዮ አንድ ተጫዋች ማናገር ይችላል፤ ሬዲዮው ግን ለእያንዳንዱ ሙከራ መጀመሪያ በሚቆጠረው ሰዓት ላይ 15 ሰከንድ ሲቀር ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ኳርተርባኩ ጥሪውን ከቀየረ ያንን ከመዝገብ ማወቅ አይቻልም።

ሩጫ በራሱ ጥንቃቄ ነው የሚለውም አይጸናም። ፖል ጆንሰን ከ2008 እስከ 2018 የጆርጂያ ቴክን የኮሌጅ ቡድን በዋና አሰልጣኝነት ሲመራ ጥሪውን ራሱ ይጠራ ነበር፣ ቡድኑም በሦስትዮሽ አማራጭ ስልት (ኳርተርባኩ ኳሱን ለአንድ ሯጭ መስጠት፣ ራሱ መሮጥ ወይም ወደ ጎን ለሌላ ሯጭ መጣል በሚመርጥበት) ከሞላ ጎደል በሩጫ ይጫወት ነበር። በዚህ ስልት ኳሱ ወደ ጎን በአየር ይሰጣል፤ ከእጅ ከወደቀ ተጋጣሚው ሊወስደው ይችላል። ይህን በየጨዋታው አዘውትሮ የሚጠራ ሰው አደጋን ይሸሻል ማለት አይቻልም።

የአዮዋን የኮሌጅ ቡድን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በ2023 መጀመሪያ የአስተባባሪው የብራያን ፌሬንትዝ ውል ተሻሽሎ፣ ቡድኑ ቢያንስ 7 ጨዋታ እንዲያሸንፍና በአማካይ 25 ነጥብ እንዲያስቆጥር የሚል ግብ ተቀመጠለት። በተከላካዮችና በልዩ ቡድኑ (ኳስ በእግር በሚመታባቸው ሙከራዎች የሚገባው) የሚቆጠር ነጥብም በአማካዩ ውስጥ ይገባ ነበር፤ የአንድን ጠሪ ሥራ ለመለካት የወጣ ቁጥር ጠሪው ያልነካውን ነጥብ ይደምር ነበር ማለት ነው። ቡድኑ 10 ጨዋታ አሸነፈ፣ አማካዩ ግን 15.4 ነጥብ ሆነ፤ ወቅቱ ሳያልቅ በጥቅምት ወር አስተባባሪው እንደማይቀጥል ተነገረ። የዚያ ቡድን ማጥቃት በጣም ደካማ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ዋናው ኳርተርባክ ገና በመስከረም መጨረሻ ጉልበቱን ተጎድቶ ወጥቷል፤ ተከላካዮቹ ጠንካሮች፣ ኳሱን በእግሩ አርቆ የሚልከው ተጫዋችም ከአገሪቱ ምርጦች አንዱ ነበር። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ኳስ አለማጣትን ማስቀደም ምክንያት ያለው ምርጫ ነው። ማጥቃቱ ከሸፈ ማለት አንድ ፍርድ ነው፤ ጠሪው ኮንሰርቫቲቭ ነው ማለት ደግሞ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ ሌላ ፍርድ ነው።

በሌላው የኮሌጅ ቡድን በኤልኤስዩ ደግሞ ስቲቭ ኤንስሚንገር በ2018ም በ2019ም አስተባባሪ ነበር፣ ኳርተርባኩም በሁለቱም ዓመት ጆ ቡሮ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ቡሮ 16፣ በሁለተኛው 60 የተችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ አድርሶ ነጥብ የሚያስገኝ) ውርወራ አስመዘገበ፤ ቡድኑም ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። በመካከሉ ጆ ብሬዲ የውርወራ ጨዋታ አስተባባሪ ሆኖ መጣ፣ ተቀባዮቹም በሰሉ። በ2018 ሰውየውን ፈሪ ያለ ሰው በ2019 ደፋር ካለው፣ ሲናገር የቆየው ስለ አፈሩ ነው።

ታዲያ ምን ይታይ? እኔ ጨዋታ ስመዘግብ ነጥቡ የተቀራረበበትን ጊዜ ብቻ ለይቼ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ዳውን የተጠራውን አያለሁ፤ ሦስተኛ ዳውን ላይ 9 ያርድ ሲቀር ውርወራው ግዴታ ስለሚሆን ምርጫ አይባልም። ከዚያ በኋላ የስኬት መጠን የሚባለውን እቆጥራለሁ፤ በዚህ አቆጣጠር አንድ ሙከራ የተሳካ የሚባለው በአንደኛ ዳውን ከሚፈለገው ያርድ 50 በመቶ፣ በሁለተኛ 70 በመቶ፣ በሦስተኛና በአራተኛ ሙሉውን ሲያስገኝ ነው። ይህም ቢሆን በ12 ወይም በ13 ጨዋታ ላይ የቆመ ትንሽ ናሙና ነው፤ የተጋጣሚዎቹም ጥንካሬ እጅግ ይለያያል።

በምሳሌዬ ላይም አንድ ገደብ ልጨምር። ባቄላ የተዘራበት መሬት በማግስቱ ዓመት ለስንዴ እንደሚመች ሁሉ፣ ብዙ ሩጫም ሩጫ አስመስሎ ለሚደረገው ውርወራ መንገድ ይጠርጋል የሚሉ አሰልጣኞች ብዙ ናቸው። በኤንኤፍኤል መዝገብ ላይ የተሠሩ ትንታኔዎች ግን የሩጫው ብዛት የዚያን ውርወራ ውጤት እንደማይወስን አሳይተዋል፤ ስለዚህ ሩጫ የሚያበዛን ሰው ለመከላከል ይህን ክርክር አላነሳም።

አራተኛ ዳውን ላይ መሞከር ወይም ኳሱን በእግር አርቆ ለተጋጣሚው መልቀቅ አብዛኛውን ጊዜ የዋናው አሰልጣኝ ውሳኔ ስለሆነ፣ ከአስተባባሪው ሒሳብ ሊወጣ ይገባል። የቴሌቪዥኑ ካሜራም ኳሱን ተከትሎ ስለሚጠብ የኋላ ተከላካዮቹን ብዙ ጊዜ አያሳይም። አሰልጣኞች ግን ሃያ ሁለቱም ተጫዋቾች የሚታዩበትን ቪዲዮ ይመለከታሉ፤ ሁለቱ የኋላ ተከላካዮች ጥልቅ ቆመው ሩጫ የተጠራበትን ሙከራ «ፈሪ» ያለው አስተያየት ሰጪ፣ ጥሪው የመለሰውን ጥያቄ ሳያይ ነው የጻፈው።