የአኳሪየም እርሾ ምንድን ነው?

ቤት የቀየርኩ ጊዜ ለአራቱ ጎልድፊሾቼ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። መስታወቱን አጠብኩ፣ ጠጠሩን አጠብኩ። የፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) ስፖንጅ ቧንቧ ሥር ይዤ፣ ቡናማው ውሃ ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግሜ ጨመቅኩት። አዲሱ ቤት ገብተን ውሃው ኩልል ብሎ ሲታይ ደስ አለኝ። በአራተኛው ቀን ዓሦቹ ላይ ላዩን ተንሳፍፈው አፋቸውን ይከፍቱ ይዘጉ ጀመር። ሁለቱ አልተረፉም።

ለካ አጥቤ የደፋሁት እርሾውን ነው።

ዓሣ አሞኒያ ያስወጣል፤ አብዛኛውን የሚያስወጣውም በስንጥቡ ነው። አሞኒያ ውሃውን ሳያደፈርስ ይገድላል። አኳሪየም ውስጥ ያሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ይህን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች፣ በተለይ ናይትሮስፓይራ የሚባሉት፣ ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል፤ ናይትሬት በጣም ካልተጠራቀመ ዓሣውን እምብዛም አይጎዳም። (ሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚጨርስ ናይትሮስፓይራ መኖሩ የታወቀው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው።)

እርሾ ያልኩት እነዚህን ባክቴሪያዎች ነው። ችግሩ ለመራባት ዳተኞች መሆናቸው ነው። አንጀታችን ውስጥ ያለው ኢ. ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። እነሱ ግን ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከዜሮ መጀመር ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል።

ደግሞ የሚኖሩት ተጣብቀው ነው፤ ስፖንጁ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ ፊልተሩ ውስጥ ያሉት የሴራሚክ ቀለበቶች ላይ። ውሃው ውስጥ ያሉት ጥቂት ናቸው። የድሮውን ውሃ በሙሉ በጀሪካን ማጋዝ እርሾ አያተርፍም። ዓሦቹንና ስፖንጁን የሚይዝ ያህል ከቀዳችሁ ይበቃል።

የእንጀራ እርሾ ተከድኖ ይቀመጣል። ይኼኛው ግን አየር ካጣ ይታፈናል። ፊልተሩን ከነውሃው ዘግቶ መጫን ትልቁ ስህተት እሱ ነው፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ከፍታችሁ ስፖንጁንና ቀለበቶቹን አውጡ። ሰፋ ባለ ባልዲ፣ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ልክ እስኪሸፈኑ ድረስ ንከሯቸው። ክዳኑን ገርበብ አድርጉት። መንገዱ ረጅም ከሆነ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ጣል አድርጉበት። ጠጠሩ እንዳይደርቅ ብቻ ጠብቁት።

የቧንቧ ውሃ አታስነኳቸው፤ ክሎሪኑ የተሠራው ባክቴሪያ ለመግደል ነው። ክሎሪን ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ካደረ በንኖ ይወጣል። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ግን በዚህ አትተማመኑ። እዚያ አብዛኛውን ዓመት ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን፣ ማለትም ከክሎሪንና ከአሞኒያ በተሠራ ውህድ ነው፤ እሱ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፣ ማጥፊያ ጠብታ ያስፈልጋል።

አዲሱ ቤት ስትደርሱ ሶፋው ይቆይ፤ መጀመሪያ ፊልተሩን ሰኩ። መብራት ከሌለ ስፖንጁን አኳሪየሙ ውስጥ ክተቱትና ውሃውን በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት፤ አየር ይዞ ይገባል። ለዓሦቹ ለአንድ ሁለት ቀን ምግብ አትስጡ፣ ከዚያም ቆንጠር እያደረጋችሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንቀይር ባልዲውን ጋቢና እግሬ መሀል ይዤው ነበር የሄድኩት። ከጫኞቹ አንዱ አጎንብሶ አየና "ጋሼ፣ ይቺ ቆሻሻ ውሃ ትደፋ?" አለኝ።