ስለ ኢሲጂ የሚወሩ ስህተቶች፣ ከደብረ ማርቆስ ወረፋ ላይ

በቅርቡ አክስቴን ይዤ ደብረ ማርቆስ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላስነሳ ሄድኩ። ደረቷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ተቀባና 6 የጎማ ፊኛዎች ተለጠፉ። እጅና እግሯ ላይ ደግሞ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያሉ 4 ነገሮች። አክስቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ «ኮረንቲ ሊለቁብኝ ነው?» አለችኝ።

አይለቁም። ማሽኑ ምንም ወደ ሰውነት አይልክም። ልብ ራሷ የምታመነጨውን ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው።

ወረፋ ላይ ያልሰማሁት የለም።

«ወረቀቱ ደህና ነው ከተባለ ልብህ ደህና ነው።» ኢሲጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀዳው 10 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ሌሊት መጥቶ የሄደ የምት መዛባት ቀን በ10 ሰከንድ ላይያዝ ይችላል። ለዚህ ነው 24 ሰዓት ታጥቀውት የሚውሉት ሆልተር የሚባል መሣሪያ ያለው።

«ማሽኑ ችግር አለ ብሎ ከጻፈ አበቃ።» የማሽኑ ጽሑፍ ግምት ነው፤ ሐኪም ማየት አለበት። በጤነኛ ወጣቶችና በስፖርተኞች ላይ መስመሩ ትንሽ ከፍ ብሎ መታየቱ የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ጉዳት የለውም። ግን የሚመሳሰል አደገኛም አለ። በ1992 እ.ኤ.አ. ሁለት ወንድማማች ሐኪሞች የገለጹት ብሩጋዳ የሚባለው የልብ ምት ችግር ምልክቱ አንዳንዴ ወረቀቱ ላይ ብቅ የሚለው ሰውየው ሲያተኩሰው ነው። እንዲህ ያለበት ሰው ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ከተመለሰ፣ ትኩሳቱን ቶሎ ማብረድ ግድ ነው።

«ሲሮጥ የወደቀ ልጅ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ካልሆነም ቡዳ ነው።» እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ከምት በኋላ ልባቸው ለቀጣዩ ለመዘጋጀት ከሚገባው በላይ የሚቆይባቸው ልጆች አሉ። ይሄ ቆይታ ኢሲጂው ላይ ኪውቲ የሚባለው ርዝመት ነው፤ በምቱ ፍጥነት ልክ ተስተካክሎ ከ500 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ስጋቱ ይጨምራል። ልጁ ሲሮጥ ወይ ሲደነግጥ ምቱ ይዛባና ይወድቃል፤ ሊንፈራገጥም ይችላል። ታዲያ የሚጥል በሽታ ቢመስል ምን ይገርማል? ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ኢሲጂውንም ይነሳ። ከዘመድ በወጣትነቱ በድንገት የተቀጨ ካለ ደግሞ ለሐኪሙ ይነገር።

«መድኃኒት ከልብ ጋር ምን አገናኘው?» ለወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን፣ ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ኤሪትሮማይሲን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል ኪውቲን ያስረዝማሉ። ተቅማጥና ትውከት ፖታሲየም ሲያሳጡ ደግሞ ይብሳል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፤ ጠይቁ።

አክስቴ የምትውጠውን ሁሉ በፌስታል ይዛ ነበር የመጣችው። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና አንዱን ብልቃጥ አንስቶ «እማማ፣ ይሄን መቼ ጀመሩ?» አላት።