ታሪካዊ ልቦለድ ምንድን ነው? ቀሚሱ እንዳልሆነ እንስማማ

«ሰረገላው፣ የሻማው ብርሃን፣ ቀሚሱ... ምርጥ ታሪካዊ ልቦለድ!» ይላል አንድ አስተያየት ሰጪ። የሚያወራው በአንድ ማታ ተጀምራ ስለምታልቅ አጭር የፍቅር ልቦለድ ነው። እኔም አምኜው አነበብኳት። አገሩ እንግሊዝ፣ ዘመኑ 1815 ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) ባለታሪኳ ከክፉ ባሏ ጋር ትጣላለች። በማግስቱ ገንዘቧን ከባንክ አውጥታ፣ ልጆቿን ይዛ ትወጣለች። ፍቺ ትጨርሳለች። በመጨረሻው ምዕራፍ የምትወደውን ታገባለች።

ሰረገላውን በሜትር ታክሲ ብንተካው ምን ይጎድላል? ምንም። ታሪኩ ባለፈው ሳምንት ቦሌ ላይ ሊፈጸም ይችል ነበር።

ይኸው ሰው ስለ ሌላ መጽሐፍ ደግሞ «በእውን የነበረ አንድም ሰው ስለሌለበት ታሪካዊ ሊባል አይችልም» ብሏል። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። ንጉሥ በስም ተጠርቶ ሁለት ገጽ ስለታየ ልቦለዱ ታሪካዊ አይሆንም። ሁሉም ሰው ፈጠራ ስለሆነም ታሪካዊነቱ አይቀርም። ታሪካዊ ልቦለድ ማለት ዘመኑ ራሱ ሴራውን የሚሠራበት ልቦለድ ነው። ሰዎቹ ፈጠራ ይሁኑ። የታሰሩበት ገመድ ግን የዘመኑ ገመድ መሆን አለበት።

ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቀሚሱና ሰረገላው እንቁላሉ ናቸው። ላይ ላይ ይታያሉ፣ ያምራሉ፣ መጨረሻ ላይ ይገባሉ። ዘመኑ ግን ሽንኩርቱ ነው። መጀመሪያ ይገባል፣ ብዙ ይቁላላል፣ ወጡ ሲቀርብ አይታይም። ወጡን ያወፈረው ግን እሱ ነው። ሽንኩርቱን ቸኩሎ ያለፈ ደራሲ አሥራ ሁለት እንቁላል ቢከትበት ዋጋ የለውም፤ ውሃው ለብቻ፣ ቅባቱ ለብቻ ይሆናል። አጭር ልቦለድ ላይ ደግሞ ይብሳል። ድስቷ ትንሽ ስለሆነች ማንኛውም ጥሬ ነገር ወዲያው ጥርስ ላይ ይገኛል። ስለ ሕጉ ሦስት ገጽ ሙሉ የሚያስተምረን ደራሲም ያው ሽንኩርቱን ሳያበስል ነው ያቀረበው። እሺ፣ ድስቱን እዚህ ላይ ላውርደው።

ወደዚያች የ1815 ሴት እንመለስ። እኔ የሕግ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ገመዱን ከሕጉ በኩል ነው የማየው። ያገባች ሴት በእጇ ያለው ገንዘብ በሕግ የባሏ ነበር። ባንክ ሄዳ «ገንዘቤን» ልትል አትችልም። (ሀብታም ቤተሰቦች የሴት ልጃቸውን ንብረት በባለአደራ ስም እያስቀመጡ ይህን ያልፉት ነበር። ደራሲዋ አንድ ባለአደራ አጎት ብትጨምር ኖሮ ዝም ባልኩ።) ልጆቹም የአባት ናቸው። እናት ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ልጆቿ ፍርድ ቤት ማመልከት የቻለችው በ1839 ነው። ፍቺማ ጭራሽ አይነሳ። እስከ 1857 ድረስ ፈትቶ እንደገና ለማግባት ፓርላማው ለዚያ ሰው ብቻ የተለየ ሕግ ማውጣት ነበረበት። እስከዚያ ድረስ ይህ የተሳካላቸው ሴቶች አራት ብቻ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ባልና ሚስትን መለየት ይችል ነበር፣ እንደገና ሌላ ሰው ማግባትን ግን አይፈቅድም።

አሁን ያቺን ሴት በዚህ ገመድ ውስጥ አስቀምጧት። ከሄደች ልጆቿን ታጣለች። ከቀረች ፍቅሯን ታጣለች። ልብ ሰቀላው ደራሲው ሳይደክም ራሱ መጣ። የመጽሐፏ ደራሲ ግን ሕጉን ስትጥል ሴራውንም አብራ ጣለችው።

የፍቅር ልቦለድ አንባቢዎች ግሬትና ግሪን የምትባለውን መንደር በደንብ ያውቃሉ። በ1753 የወጣ ሕግ እንግሊዝ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች ላሉ ወጣቶች ያለ ወላጅ ፈቃድ ጋብቻን አጠበበው። (አጠበበው እንጂ ፈጽሞ አልዘጋውም። ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን በአዋጅ ከተነገረ፣ አባት ሰምቶ መቃወም የራሱ ፋንታ ነው። ይህን የሚያውቅ ደራሲ ስንት ነገር ይሠራበታል!) ስኮትላንድ ግን ሕጓ ሌላ ነው። ሁለት ምስክር ፊት «ተጋብተናል» ካሉ ተጋብተዋል። ግሬትና ግሪን ድንበሩን እንደተሻገሩ የምትገኝ መንደር ነች፤ ከለንደን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ፈረስ እየቀየሩ፣ አባት ከኋላ እየተከተለ። ይህ ሁሉ ሩጫ የመጣው ከሁለት ሕግ ልዩነት ነው። በ1856 ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ስኮትላንድ ውስጥ 21 ቀን እንዲኖር የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ስለዚህ በ1860 ሌሊቱን ጋልበው፣ ማለዳ ተጋብተው፣ ለምሳ የሚመለሱ ፍቅረኞች ካጋጠሟችሁ መጽሐፉን ዝጉት። እኔ እዘጋለሁ።

ደብዳቤም እንዲሁ ነው። እስከ 1840 ድረስ የፖስታውን ዋጋ በአብዛኛው የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር፣ ያውም በርቀቱና በወረቀቱ ብዛት። የራሷ ሳንቲም የሌላት ልጅ ከቤተሰብ ተደብቃ በፖስታ የፍቅር ደብዳቤ መቀበል እንዴት ትችላለች? አንድ ሰው በር ላይ መክፈል አለበት። ይህን ያሰበ ደራሲ ከአንዲት ደብዳቤ ሙሉ ምዕራፍ ያወጣል።

የምስጢርና የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ውስጥ ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። በ1752 የወጣ የእንግሊዝ ሕግ በነፍስ ግድያ የተፈረደበት ሰው በሁለተኛው ቀን ይሰቀል ይል ነበር። ቀኑ እሑድ ላይ ከዋለ ወደ ሰኞ ይተላለፋል። ለዚህ ነው ዳኞች ዓርብ ላይ መፍረድን የሚመርጡት፣ አንድ ቀን ለመጨመር። ሕጉ እስከ 1836 ድረስ ሠርቷል። አጭር ልቦለድ የሚፈልገው ደግሞ ጠባብ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ሰዓቱን ሞልቶ አስቀመጠው። ዓርብ ተፈረደ፣ ሰኞ ገመድ አለ፣ እውነተኛው ገዳይ ደግሞ አልተገኘም። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? (ዳኛው የማዘግየት ሥልጣን ነበረው። ጎበዝ ደራሲ ይህን አይደብቅም፤ ዳኛውን ፍለጋ ሰው ይልካል።)

በዚያ ዘመን ተከሳሹ ራሱ እንዴት ታስሮ እንደነበር ተመልከቱ። ከ1836 በፊት በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ጠበቃ ቢኖረውም፣ ጠበቃው ምስክር ይጠይቃል እንጂ ለጁሪው (ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው ለሚወስኑት ተራ ሰዎች) የመከላከያ ንግግር ማድረግ አይችልም። ተከሳሹ ራሱ ምሎ እንዲመሰክር በአጠቃላይ የተፈቀደው በ1898 ነው። ከዚያ በፊት ሳይምል መናገር ይችላል፣ ክብደቱ ግን ያው የተከሳሽ ቃል ነው። ስለዚህ በ1820 የፍርድ ቤት ትዕይንት ላይ ጠበቃው ተነስቶ እንባ የሚያስፈስስ ንግግር ካደረገ፣ ደራሲው የተማረው ከፊልም ነው።

መርዝም የራሱ ቀን አለው። አርሴኒክ ነጭ ዱቄት ነው፣ ለአይጥ እየተባለ በየሱቁ ይሸጥ ነበር። ሬሳ ውስጥ መኖሩን አስተማማኝ በሆነ መንገድ የሚያሳየውን ምርመራ ጄምስ ማርሽ የተባለ ኬሚስት ያሳተመው በ1836 ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሻጩ የገዢውን ስም እንዲመዘግብ የታዘዘው በ1851 ነው። ስኮትላንድ ያርድ (ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ የለንደን ፖሊስ ነው) የጣት አሻራ ክፍል ያቋቋመው ደግሞ በ1901። መርማሪው የቱ ዓመት ላይ እንደቆመ ካወቅን ምን ማየት እንደሚችል፣ ምን ማየት እንደማይችል እናውቃለን። ከእሱ ጋር እኩል መገመት የምንችለው ያኔ ነው። ደስታውም እዚያ ላይ ነው።

«ታዲያ ታሪክ ልማርበት ነው የማነበው?» ለሚል ሰው መልሴ አይደለም ነው። ታሪክ መማር ከፈለግህ የታሪክ መጽሐፍ አለልህ። ልቦለዱ የሚያስፈልገው አንድ ሁለት ገመድ ብቻ ነው፣ ዘመኑን በሙሉ አይሸከምም። ሕግ በወረቀትና ሕግ በተግባር እንደሚለያዩም ለተማሪዎቼ ስለምነግር እናንተንም አልተዋችሁም። አንድ ሕግ 1753 ላይ ወጣ ማለት በማግስቱ ሁሉም ሰው አከበረው ማለት አይደለም። ሰው ሕጉን የሚያልፍበት ቀዳዳ ራሱ ጥሩ ሴራ ነው።

እኛ ጋ ስንመጣ በ1908 ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» አጭር ነው፣ ፍቅር አለበት፣ ድሮ ነው፣ ሴቲቱም እንደ ወንድ ለብሳ ትጓዛለች። ታሪካዊ ነው ወይ? ጊዜውና ቦታው በውል ስላልተነገረ በኔ ሚዛን ወደ ተረቱ ያደላል። ግን ሴት መሆን መንገድ ላይ አደጋ የሆነበት ዓለም ካልሆነ ያ ልብስ መቀየር ምን ይሠራ ነበር? ስለዚህ ግማሽ ነጥብ እሰጠዋለሁ። የሚቆጣ ይቆጣ።

ገመድ ከተፈለገ እኛ ምን ጎድሎን! ቁራኛን አስቡት። ከሳሽና ተከሳሽ ነገሩ እስኪያልቅ አንድ ላይ ይታሰሩ ነበር። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ያድራሉ። ሁለት ጠላቶች፣ አንድ ሰንሰለት፣ ዳኛው ደግሞ ሩቅ። በቁርባን ያገባና በሰማንያ ያገባ ሰውም አንድ አይደሉም፤ ሰማንያ ይፈርሳል፣ ቁርባን ግን እንዲህ በዋዛ አይፈርስም። ይህ ልዩነት ብቻውን አንድ የፍቅር ልቦለድ ይሸከማል።

አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ደግሞ አለ። ወንጀል ተፈጽሞ ወንጀለኛው ካልታወቀ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። የቀረ ይቀጣል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። ፈረንጆቹ ተጠርጣሪዎችን አንድ ቦታ ለመዝጋት በረዶ ያዘንባሉ፣ ባቡር ያስቆማሉ። እኛ ጋ በሩን የሚዘጋው ሥርዓቱ ነው። አርሶ አደሩ ማሳው ላይ እህል እየረገፈ፣ ጭቃ ሹሙ እየተቆጣ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በዐይኑ እየጎሸመ፣ አንዱ የሚያውቀውን ይዞ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ሰማንያ ገጽ ይበቃዋል። የሚጽፈው ሰው ካለ ረቂቁን አነብለታለሁ፤ ሥርዓቱ ከአገር አገር ይለያያልና፣ የትኛው አውራጃ እንደሆነ ግን አስቀድሞ ይወስን።