«ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ አይሆንም» ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም

የልጆች የፀጉር ጌጥ ወይም አምባር ቤታችሁ እየሠራችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁ ይህ ማስጠንቀቂያ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ብዙ ሰው ማሸጊያው ላይ ከለጠፈው በኋላ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። አላለቀም። ዕቃው ለጨቅላ ሕፃን እንደተሠራ በመጠኑና በመልኩ ከታወቀ፣ ለምሳሌ የስድስት ወር ልጅ ጭንቅላት ላይ ብቻ የሚሆን ማሰሪያ ከሆነ፣ ጽሑፉ አያድናችሁም።

ፍርሃቱ መታነቅ ነው። ትንንሽ ልጆች ያገኙትን ሁሉ አፋቸው ውስጥ ይከታሉ፤ የአየር ቧንቧቸውም ጠባብ ነው። ለዚህ ነው አይኤስኦ 8124 የተባለው ዓለም አቀፍ የአሻንጉሊት ደኅንነት መስፈርት አንድ መለኪያ ሲሊንደር ያስቀመጠው። የውስጥ ስፋቱ 31.7 ሚሊሜትር ነው፤ ታቹ ሰያፍ ስለሆነ ጥልቀቱ በአንድ በኩል 25.4፣ በሌላው 57.1 ሚሊሜትር ይደርሳል። አንድ ነገር ሳትጫኑት፣ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን፣ ሙሉ በሙሉ ከገባ «ትንሽ ክፍል» ይባላል።

ሰው የሚስተው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። የሚለካው ዕቃው እንዳለ ብቻ አይደለም፤ ሲጎተት፣ ሲጠመዘዝ፣ ሲወድቅ የሚነቀለውም ቁራጭ ይለካል። ስለዚህ ማሰሪያው ትልቅ ቢሆንም በሙጫ የተለጠፈችው ዶቃ ከተነቀለችና ሲሊንደሩ ውስጥ ከገባች ዕቃው ፈተናውን ወደቀ ማለት ነው። ሙጫ እኔ በጭራሽ አላምነውም፣ በተለይ ምራቅ የሚነካው ቦታ ላይ። ለሕፃናት ከሆነ ዶቃውንና አዝራሩን ተዉትና አበባውን በክር ጥለፉት።

የማሰሪያ ገመድ ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ አንገት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል ርዝመቱም ይታያል።