በራስ መኪና ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆችና ፓርኮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከቢሯችን ሕንፃ ሥር፣ ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ የምንጠጣበት ቤት አለ። ረጅም የበዓል እረፍት በቀረበ ቁጥር እዚያ የሚነሳው ወሬ አንድ ነው፦ «ዘንድሮ ልጆቹን ይዤ በራሴ መኪና ወደ ላንጋኖ፣ ከዚያም ወደ ሐዋሳ ልውረድ ነው፤ ከተመቸን ባሌንም እናያለን።» ሐሳቡ መልካም ነው፤ እቅዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የስልክ ካርታ በሚያሳየው የኪሎ ሜትር ቁጥር ላይ ብቻ የቆመ ነው። ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ ወደ ደቡብ ለሚጓዝ ሰው ግን ከርቀቱ ይልቅ ከፍታው ብዙ ነገር ይወስናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የዝዋይ ሐይቅ 1,636 ሜትር ላይ ነው፤ የባሌው የሰነቴ አምባ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ሙቀቱና ወባው፣ የመኪናው ጉልበትና የሚታየው አውሬ ሁሉ ይህንን መውረድና መውጣት ተከትሎ ይለዋወጣል።

ከሁሉ ደጋግሜ የምሰማው ስሕተት «ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ናት፤ ቁርስ በልተን ብንወጣ ለምሳ እንደርሳለን» የሚለው ነው። የአዳማ የፍጥነት መንገድ፣ ሞጆ ላይ ተገንጥሎ እስከ ባቱ (የዝዋይ ከተማ) የሚዘልቀውም አዲሱ መንገድ፣ ጉዞውን በእጅጉ እንዳሳጠሩት አይካድም። ነገር ግን የፍጥነት መንገዱ የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከመሃል ከተማ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ አንዳንዴ ከቱሉ ዲምቱ ሞጆ ከሚፈጀው ይበልጣል። ከባቱ በኋላ በቆየው መንገድ የሚቀጥል ሰው ደግሞ በቡልቡላ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ መሃል ለመሃል ስለሚያልፍ፣ በባጃጅ፣ በአህያ ጋሪና መንገዱን እንደ ግቢያቸው በሚያቋርጡ ከብቶች መካከል በዝግታ መሄድ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ለሐዋሳ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት መመደብና ከንጋቱ 11፡30 ላይ ከቤት መውጣት የተሻለ ነው።

ይህን ስናገር የሚመጣው መልስ «እንግዲያውስ ማታ መንገዱ ባዶ ሲሆን እንሂድ» የሚል ነው። ማታ መንገዱ ባዶ አይደለም፤ በላዩ ላይ ያለው አይታይም እንጂ። የኋላ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ተበላሽቶ አስፋልቱ ላይ የቆመና ከኋላው ድንጋይ ብቻ የተደረደረለት የጭነት መኪና፣ ሙቀቱን ፈልጎ አስፋልት ላይ የተኛ ከብት፣ ሁሉም የሚገኙት ያኔ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማደሪያ መግባት በዚህ መስመር ላይ ሊታለፍ የማይገባው ሕግ ይመስለኛል።

«ላንድክሩዘር የሌለው ሰው ቤቱ ይቀመጥ» የሚሉም አሉ። ቢሾፍቱ፣ ባቱ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭም ቢሆን በአስፋልት የሚደረስባቸው ናቸው፤ ጤነኛ ቪትዝ ይበቃል። ከፍ ያለና በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና የሚያስፈልገው በነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ ወደ ሜዳው ለመሻገር፣ ወይም ዝናብ የመታውን ኮረኮንች ለመያዝ ሲታሰብ ነው። ሰው ስለ መኪናው ዓይነት ሲጨነቅ የሚዘነጋው ቅያሪ ጎማውን ነው። እኔ ራሴ ከቡልቡላ ወዲህ አንድ ጎማ ተንፍሶብኝ፣ ክሪኩን ደግፌ ብሎኖቹን ፈትቼ ከጨረስኩ በኋላ ነበር ቅያሪው ከጎማዬ የባሰ ነፋስ የሌለው መሆኑን ያወቅኩት። በባጃጅ ተጭኖ የተወሰደልኝን ጎማ ጎሚስታው በተቆረጠ በርሜል ውሃ ውስጥ እየነከረ ሲያዞረው፣ አረፋው ከሁለት ቦታ ቡልቅ ቡልቅ ሲል አየሁ። «ጋሼ፣ ይሄኛውስ መቼ ነው የተነፋው?» ብሎ ወደ ቅያሪው ሲያመለክት መልስ አልነበረኝም። ከመነሳት በፊት ባለው ቀን አምስቱንም ጎማ ማስነፋት፣ ፍሬን ማሳየት፣ ቦሎና ሊብሬው መኪናው ውስጥ መኖራቸውን ማረጋገጥ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከሉ ወዲህ ደግሞ አዲስ ክርክር መጥቷል። አንዱ ወገን «በኤሌክትሪክ መኪና ከቢሾፍቱ ማለፍ አይቻልም» ይላል፤ ሌላው ወደ ላንጋኖ ሲወርድ ባትሪው ምን ያህል እንደቀነሰ አይቶ «መመለሻውም ያው ነው» ብሎ ይዝናናል። የሁለተኛው ስሕተት ይብሳል፤ ምክንያቱም ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ራሱን እየሞላ ስለሚወርድ መሄጃው ከመመለሻው የግድ ያነሰ ይበላል። 1.8 ቶን የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም ሜዳ ላይ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ኃይል ነው። ተራ የሆቴል ሶኬት ሌሊቱን አሥር ሰዓት ቢሰካ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚሰጥ፣ አልጋ ሲያዝ «መኪና መሰካት ይቻላል ወይ? መብራት ቢጠፋስ ጄኔሬተሩ ይችለዋል?» ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። የቤንዚን መኪና ያለውም ሰልፉን አስቦ ሰልባትዮውን አዲስ አበባ ላይ መሙላት አለበት፤ ክፍያው በስልክ ስለሆነም ባትሪው ያለቀ ስልክ ይዞ ማደያ መግባት ዋጋ የለውም።

ስለ ውሃው የሚነገረው ነገር ደግሞ ከእውነታው ጋር ፈጽሞ የተገላቢጦሽ ነው። ብዙ ሰው ላንጋኖን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ፣ ቡናማውን ውሃ እየተመለከተ፣ «ይህ ቆሻሻ ነው፤ ልጆቹ ሐዋሳ ሲደርሱ ይዋኙ» ይላል። የላንጋኖ ቀለም ግን ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ከሚኖር ደቃቅ ደለል የመጣ ነው፤ ከብልሃርዝያ ነጻ ነው ተብሎ የሚታወቀውና ሰው ለዘመናት ሲዋኝበት የኖረው ይኸው ቡናማ ሐይቅ ነው። በዝዋይና በሐዋሳ ዳርቻ ግን ብልሃርዝያ ተገኝቷል፤ ሐዋሳ ላይ ጉማሬም አለ። የአርባ ምንጩን የጫሞ ሐይቅ ማንሳት እንኳ አያስፈልግም፤ እዚያ የአዞ ገበያ የተባለው ስፍራ ስሙ ይበቃል። ወባም ቢሆን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ የቆየ ችግር ስለሆነ፣ ለእነዚህ ሐይቆች ሁሉ አጎበር ወይም የትንኝ መከላከያ ቅባት መያዝ ያስፈልጋል።

«አቢጃታ ከሄድን ፍላሚንጎ እግራችን ሥር ነው» የሚለውን ተስፋ ብዙ የቆዩ ፎቶግራፎች አሳድገውታል። አቢጃታ ጥልቀት የሌለው፣ ውሃው ሶዳ የበዛበት፣ መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ የሚመጣለትን ይጠብቃል። ከላይ ለመስኖ በሚጠለፈው ውሃና ለሶዳ አሽ ምርት ከራሱ በሚወሰደው ምክንያት ዳርቻው እጅግ ሸሽቷል፤ ጎረቤቱ ሻላ ግን 266 ሜትር ድረስ ስለሚጠልቅ እንደዚያ አልተጎዳም። ወፎቹም በውሃው ሁኔታ የሚመጡና የሚሄዱ ስለሆኑ ቀጠሮ አያከብሩም። እዚህ ላይ ከባዱ ስሕተት ወፎቹን ለመቅረብ ሲባል መኪናውን ነጭ ወደሆነው ዳርቻ መንዳት ነው። ላዩ እንደ ሲሚንቶ ደርቆ ይታያል፤ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው፤ ላንድክሩዘርም ቢሆን እስከ ሆዱ ይሰምጣል። መኪናውን ጠንካራው መሬት ላይ አቁሞ ከስካውት፣ ማለትም ከፓርኩ ጥበቃ ጋር በእግር መሄድ ይሻላል።

ስካውቱን «ያለ ሥራው የሚከፈለው» አድርጎ ማየትም የተለመደ ነው። ያለ እርሱ ፓርክ የገባ ሰው ከሚያየው ብዙው አቧራ ነው። ባሌን ለምሳሌ እንውሰድ። ፓርክ ሲባል አንበሳ ብቻ የሚታየው ጎብኚ ሰነቴ ላይ ወጥቶ ጭር ያለ ሜዳ ሲያይ ያዝናል፤ ስካውቱ ግን ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ ሲል አይቶ መኪናውን ያስቆምና «አሁን ትንሽ እንጠብቅ» ይላል። ፍልፈሉ ባለበት ኦሮሞዎች ጀዴላ ፈርዳ የሚሉት ቀይ ቀበሮ አይታጣም፤ የሚያድነውም በቀን ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ያህል ብቻ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ነው። ዲንሾ አካባቢ ደግሞ የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ይታያል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ፍላጎቱ ጨምሯል፤ ብርዱ ግን እንደ ነበረ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ፣ ለሐዋሳ በታሰበ ቲሸርት ዲንሾ የሚደርስ ሰው ጋቢ ፍለጋ ይገባል።

«ክረምት እንደወጣ፣ አገሩ አረንጓዴ ሲሆን እንሂድ» ለሚሉት ደግሞ፣ አበባው እንደሚያምር እመሰክራለሁ፤ ነገር ግን ሣሩ ባደገበት ቆርኬም ሆነ ሳላ ይሸሸጋል። አውሬ ፈላጊ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሄድ ይሻለዋል፤ ከአውሮፓ የሚመጡት ወፎችም ያኔ እዚሁ ናቸው።

በመጨረሻ የስልክ ካርታው ነው። አቢጃታ ካርታው ላይ ባለበት ቦታ የለም። ወደ አዋሽ ፓርክ በሚወስደው መንገድ፣ መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ደግሞ በተቃራኒው ዓመት ከዓመት እየሰፋ የሰውን እርሻና መንገዱን ሲገፋ ኖሯል። በዚያው በፈንታሌ አካባቢ በ2017 ዓ.ም. መሬቱ ለወራት ተንቀጥቅጦ ነዋሪዎች ከቤታቸው ወጥተዋል። የመንገዱ ጸጥታም እንዲሁ ከሳምንት ሳምንት ሊለዋወጥ ይችላል። እኔ ወደ ባሌ ስወጣ ዋዜማውን ዶዶላ ላለች አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት እደውላለሁ። ባለፈው፣ «እትዬ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ዛሬስ ደህና ነው፤ የነገውን ግን ሻሸመኔ ስትደርስ ደውልልኝና እነግርሃለሁ» አሉኝ። ሻሸመኔ ደርሼ ደወልኩ፤ «ና፣ ሽሮው ተጥዷል» አሉኝ።