ቴክሳስ ላይ የዱር አሳማ ከብላይንድ (አዳኝ ተደብቆ ከሚጠብቅበት ማማ) ስታድኑ የት ጋ ነው የሚመታው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቴክሳስ ውስጥ ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ በግል መሬት ላይ ባለቤቱ ከፈቀደ የዱር አሳማ ለማደን ላይሰንስ አያስፈልግም። ጥሩ ነው፣ ግን ላይሰንስ አልተጠየቀም ማለት እንስሳውን እያቆሰሉ መልቀቅ ይቻላል ማለት አይደለም። እነዚህን ወሬዎች ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል።

«እንደ አጋዘን ከወርቹ ኋላ በለው»
የባሰው ይሄ ነው። አጋዘን ላይ ሳንባው ከወርቹ ኋላ ሰፋ ስለሚል ያስኬዳል፣ የአሳማ ልብና ሳንባ ግን ወደ ፊትና ወደ ታች ተጠግቶ እዛው ወርቹ ጋ ነው ያለው፣ ትንሽ ወደ ኋላ ካላችሁ የምታገኙት ጉበት ወይ ጨጓራ ነው፣ አሳማው ጫካ ገብቶ ሲሰቃይ ቆይቶ ነው የሚሞተው። ጎኑን ሲሰጣችሁ የፊት እግሩን ይዛችሁ በስኮፑ (በጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር) ሽቅብ ውጡ፣ ከደረቱ እስከ ጀርባው ካለው ቁመት አንድ ሶስተኛው ላይ ቁሙ፣ እዛ ነው። ከዛ በላይ አትሂዱ፣ ጀርባው ላይ የቆመው ጸጉር ያታልላል፣ አከርካሪው ከምታስቡት በታች ነው፣ ከሱ በላይ የተመታ አሳማ ድፍት ይልና ተነስቶ ይሮጣል። ጀርባውን ሰጥቶ ሰያፍ ከቆመ ደግሞ ጥይቱ የሚገባበትን ሳይሆን ማዶ ያለውን ወርች አስቡ።

«ማማ ላይ ከሆንክ ዝቅ አድርግ»
ብላይንዱ 15 ፊት ከፍታ ላይ ሆኖ በቆሎ የሚበትነው ፊደር 100 ያርድ ከራቀ ማዘንበሉ 3 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ምንም አይለውጥም። እግራችሁ ስር ድረስ ከመጣ ግን ጥይቱ ቁልቁል ስለሚሄድ መግቢያው እንዲያውም ትንሽ ከፍ ማለት አለበት።

«የወንዱን ጋሻ ጥይት አይበሳውም»
ትልቅ ወንድ ወርቹ ላይ ከቆዳው ስር ወፍራም ጠንካራ ነገር አለው፣ እርስ በርስ ሲዋጉ ከክራንቻ የሚከላከልለት። 308 የሚባለው ትልቁ ጥይት ያልፈዋል። በትንሹ በ223 ከሆነ ጥይቱ ቶሎ የሚበታተን ዓይነት እንዳይሆን።

«ጭንቅላቱን መምታት ነው»
አንጎሉ ትንሽ ነው፣ ሲበላ ደግሞ ጭንቅላቱ አንዴም አያርፍም፣ ትንሽ ከሳታችሁ መንጋጋውን ትሰብሩና በረሃብ ይሞታል። ቅርብ ከሆነና ቀጥ ብሎ ከቆመ ብቻ ከጆሮው ስር።

«ደም ከሌለ ስተኸዋል»
አይደለም። ስቡና ጸጉሩ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው በደንብ የተመታም ጠብታ ላያሳይ ይችላል። ትንሽ ቆይታችሁ፣ ጠመንጃው እጃችሁ ላይ እንዳለ፣ የሄደበትን ተከትላችሁ ፈልጉት።

«ስጋውን አንበላው፣ የትም ቢመታ ምን አገባን»
ይሄን ከኛው ሰው ነው የምሰማው። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አሳማ አይበላ፣ እሺ፣ ማሳ እየገለበጠ ገበሬ ያከስራል፣ መቀነስም አለበት፣ ግን ህመም ለሱም ህመም ነው። ከኋላው ሌላ ከቆመ ጠብቁ፣ ጥይቱ አልፎ ያንንም ያቆስላል። ለሚበላ ጎረቤት ልትሰጡ ከሆነ ደግሞ ስትበልቱ ጓንት አድርጉ፣ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ከደሙ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ስጋውም በደንብ ይብሰል በሏቸው።