ከአክሰስ ወደ ሊብሬኦፊስ ቤዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዕቃና የዱቤ መዝገባቸውን ለዓመታት በማይክሮሶፍት የዳታቤዝ (የመረጃ መዝገብ) ፕሮግራም በአክሰስ የያዙ ድርጅቶች ወደ ነፃው የቢሮ ፕሮግራሞች ስብስብ ወደ ሊብሬኦፊስ፣ በውስጡም ወዳለው የዳታቤዝ ፕሮግራም ወደ ቤዝ፣ ለመሻገር ሲያስቡ ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር አለ። ብዙው በቅን ልቦና የሚነገር ነው። አንዳንዱ ግን የሰው ገንዘብና ልፋት ያጠፋል፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር።

«ፋይሉን በቤዝ ከፍቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው»

የወርድና የኤክሴል ፋይል በአብዛኛው እንዲህ ይሻገራል። የአክሰስ ፋይል ግን ሁለት ነገር ተሸክሟል። አንዱ መረጃው ነው፤ ሌላው መረጃው የሚመዘገብበት ፎርም፣ የሚታተመው ሪፖርትና በቪቢኤ (በማይክሮሶፍት ኦፊስ የፕሮግራም ቋንቋ) የተጻፈው ትእዛዝ ነው። ቤዝ ሠንጠረዦቹን ማንበብ ይችላል፤ ፎርሙን፣ ሪፖርቱንና ትእዛዙን ግን አያመጣም፤ እንደ አዲስ ይሠራሉ። ስለዚህ ለሥራው ዋጋ ስትተምኑ የረድፎቹን ብዛት ትታችሁ ፎርሞቹንና ሪፖርቶቹን ቁጠሩ። ዓመት ሙሉ ማንም ያልከፈተውን ፎርም ደግሞ እዚያው ተዉት።

«ቤዝ ራሱ ዳታቤዝ ነው»

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ቤዝ መስኮት ነው፤ መረጃውን የሚይዘው ከኋላው ያለ ሞተር ነው። ምንም ሳትመርጡ አዲስ ፋይል ብትፈጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ኤችኤስኪውኤልዲቢ የተባለው፣ ጃቫ የሚፈልገው ሞተር ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ፋይሉ የታመቀ ዚፕ ነው፤ የተመዘገበው ሁሉ በአግባቡ ተመልሶ የሚታሸገው ሥራው ተቀምጦ ሲዘጋ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ፣ ጸሐፊዋ የጠዋቱን ሽያጭ ከደረሰኝ ጉርድ ላይ እንደገና ስትመዘግብ አይቻለሁ። ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ልመዝግብ ቢሉ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። መረጃውን ከቤዝ ፋይል ውጭ ራሳቸውን ችለው በሚሠሩ ሞተሮች፣ በማሪያዲቢ ወይም በፖስትግሬስኪውኤል ላይ አስቀምጡ። ሁለቱም ክፍት ምንጭ ናቸው፤ ቤዝም ከሁለቱም ጋር ይገናኛል።

«ኤስኪውኤል ሁሉም ቦታ አንድ ነው»

ኤስኪውኤል ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ ነው፤ የየሞተሩ ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም። አክሰስ ቀንን በሁለት የመሰላል ምልክቶች (#) መካከል ይጽፋል፤ ሌሎቹ በነጠላ ጥቅስ። በአክሰስ ለፍለጋ የሚያገለግለው ኮከብ በሌሎቹ የፐርሰንት ምልክት ይሆናል። እያንዳንዱን ጥያቄ አስኪዱና ውጤቱን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ።

«አማርኛው እንዳለ ይሻገራል»

ይህ ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ኮድ የሚሰጥ መስፈርት) ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የፊደላችንን መልክ በላቲን ኮድ ላይ ያለብሱት ነበር። መዝገባችሁ በዚያ ዘመን የተጀመረ ከሆነ አክሰስ ውስጥ «አበበ» ሆኖ የሚታየው ስም ከሥሩ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ነው። አዲሱ ፎርም ላይ ፎንቱ ሲቀየር ይገለጣል። መፍትሔው ለዚያው ፎንት የተዘጋጀ መቀየሪያ ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም።

ጽሑፉ ዩኒኮድ ቢሆንም፣ ከአክሰስ ወደ ጽሑፍ ፋይል ስታወጡ ዩቲኤፍ 8 የተባለውን የዩኒኮድ አጻጻፍ ካልመረጣችሁ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ከዚያ ፋይል መልሶ ማግኘት አይቻልም፤ ዋናውን እንዳትነኩት።

ቀኑስ? ጥቅምት 30 በቁጥር 30/2 ነው፤ ኮምፒውተሩ 2ኛውን ወር ፌብሩዋሪ ብሎ ያነባል፤ ፌብሩዋሪ ግን 30 ቀን የለውም። ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ናት። የቀን ዓምዱ አልቀበልም ሲል ሠራተኛው ዓምዱን ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል፤ ያን ጊዜ 10/1/2015 ከ9/1/2015 ቀድሞ ይሰለፋል። የባሰው በዝምታ የሚያልፈው ነው። ኅዳር 5 ቀን 2012 ለማለት 5/3/2012 ተብሎ የተመዘገበ ዱቤ ማርች 5 ቀን 2012 ተብሎ ይቀመጣል፤ ትክክለኛው ግን ኖቬምበር 15 ቀን 2019 ነበር። ከሰባት ዓመት በላይ ልዩነት! በሠንጠረዡ ውስጥ የፈረንጁን ቀን አስቀምጡ፤ ፎርሙና ሪፖርቱ ላይ የእኛን አሳዩ።

«ነፃ ስለሆነ ወጪ የለውም»

የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ የሰው ጉልበት ግን ይጠይቃል። ቢያንስ አንድ ወር አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስኪዱ፤ ማታ ማታ የቀኑን ሽያጭ ድምር ከሁለቱም አውጥታችሁ አስተያዩ። የደረሰኝ ቁጥሩንም እዩ። የመጨረሻው ደረሰኝ 8412 ከሆነ አዲሱ ሞተር ከ8413 መቀጠሉን አረጋግጡ፤ በተለይ ፖስትግሬስኪውኤል ካልተነገረው ከ1 ሊጀምር ይሞክራል፤ 1 ቁጥር ደግሞ ተይዟልና የመጀመሪያው ደንበኛ ፊት ምዝገባው ይቆማል።